ከደብሊን ወጣ ለማለት የቱ ይሻላል? ግሌንዳሎክ፣ ኒውግሬንጅ፣ ታራ፣ ሃውዝ ወይስ ሞኸር

ደብሊን ያለ ሰው እንግዳ በመጣበት ቁጥር ሚጠየቀው ያው ነው፣ "ከከተማ ወጣ ብለን ምን እንይ?" መልሱም ብዙ ጊዜ ያው ነው፣ በምዕራብ ባሕር ዳር ያለው ሞኸር ገደል። ፎቶው ያምራል፣ ሁሉም ለጥፎታል፣ ስለዚ ሁሉም እዛ ይሄዳል። እኔ ግን አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ እዛ አትሂዱ ባይ ነኝ፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ሚወሰነው ቦታው አደለም፣ መሄጃው ነው። መኪና አለ ወይስ የለም? የአየርላንድ ባቡር ትልልቅ ከተሞችን ነው ሚያገናኘው፣ ጥንታዊ ቦታዎቹ ደሞ አብዛኞቹ እርሻ መሀል ናቸው፣ ማፕ ላይ ስታዩት ከከተማው 8 ኪሎሜትር ብቻ ይላል ግን ያቺን 8 ኪሎሜትር ሚወስዳችሁ ነገር ላይኖር ይችላል፣ በእግር እንሂድ ካላችሁም መንገዱ ጠባብ ነው፣ የእግረኛ ጠርዝ የለውም፣ መኪናው ደሞ በፍጥነት ነው ሚመጣው። ሁለተኛው ጥያቄ ታሪኩና የእግር መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ናቸው ወይ ነው። አንዳንዱ ቦታ ታሪክ ብቻ ነው፣ በአንድ ሰዓት አይታችሁ ትጨርሱታላችሁ ከዛ ምን እንስራ ይመጣል። አንዳንዱ ደሞ እግር ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ቦታ ከተገኘ ሌላውን ሁሉ ያስንቃል፣ ለኔ ግሌንዳሎክ አንደኛ የሆነው በዚ ነው።

ግሌንዳሎክ

ዊክሎው ተራሮች ውስጥ ነው፣ ከደብሊን ወደ ደቡብ 50 ኪሎሜትር ገደማ፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መኪና ለሌለው ከስቴፈንስ ግሪን አካባቢ ሚነሳ የቅዱስ ኬቨን አውቶቡስ የሚባል የግል አውቶቡስ አለ፣ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት እዩት፣ በተለይ የመመለሻውን፣ ምክንያቱም በቀን ሚመላለሰው በጣት ሚቆጠር ጊዜ ነው፣ ካመለጣችሁ ታክሲ በቀላሉ አይገኝም።

ቦታው ገዳም ነው፣ ማለት ነበር። ቅዱስ ኬቨን የሚባል መናኝ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ሐይቅ ያለበት ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ብቻውን መኖር ጀመረ፣ ከዛ ደቀ መዛሙርት ተከተሉት፣ ከዛ ገዳሙ አድጎ እንደ ከተማ ሆነ። ስለሱ ከሚነገረው አንዱ፣ እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ወፍ መጥታ መዳፉ ላይ ጎጆ ሰራች፣ እሱም ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ እጁን ሳያጥፍ ቆየ ይላል። ገድል እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ምንም እንግዳ አይሆንበትም፣ ከኛ ሰዎች ጋር ስትሄዱ አስጎብኚው ይህን ሲያወራ ሚስቁት ሌሎቹ ናቸው፣ የኛ እናቶች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ዛሬ የቆመው 30 ሜትር ገደማ ሚሆን ክብ ግንብ፣ ጣሪያው ድንጋይ የሆነ ትንሽ ቤተክርስቲያን፣ የካቴድራል ግድግዳና ብዙ መቃብር ነው። የግንቡ በር ከመሬት 3 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው የተሰራው፣ በመሰላል ነበር ሚገባው። ብዙ ሰው ከቫይኪንግ ወራሪዎች ለመሸሸግ ነው ይላችኋል፣ ዋና ስራው ግን የደወል ማማ መሆን ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ሾጣጣ ጣሪያ በ1876 እንደገና የተሰራ ነው፣ ድንጋዩ ግን የራሱ የድሮው ነው። ፍርስራሹን ለማየት ክፍያ የለም፣ ለፓርኪንግና ለጎብኚ ማዕከሉ ነው ሚከፈለው።

መንገዶቹ በቀለም የተለዩ ናቸው፣ እዚህ ጋ ነው ሰው ሚሳሳተው። ነጩ፣ ስፒንክ የሚባለው፣ ከላይኛው ሐይቅ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ሚሄድ ነው፣ 9 ኪሎሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ መጀመሪያ ላይ ከ600 በላይ የእንጨት ደረጃ አለ፣ ከባቡር ሐዲድ እንጨት የተሰራ ነው፣ እዛ ደረጃ ላይ ወሬ ያቆማል ሁሉም ሰው። ከላይ ሚታየው ግን ለድካሙ ይበቃል፣ ሐይቁ ከስር እንደ ጥቁር መስታወት ተኝቶ፣ ወዲያ ማዶ ድሮ የእርሳስ ማዕድን ያወጡበት የነበረው መንደር ፍርስራሽ፣ አጋዘን ካያችሁም እዛው ነው። ከልጅ ወይም ጉልበቷን ከሚያማት እናት ጋር ከሆናችሁ ግን ስፒንክን እርሱት፣ ሐይቁን በግራ አድርጎ ሚሄደው የማዕድን ሰራተኞቹ መንገድ፣ ሐምራዊው፣ ደርሶ መልስ 5 ኪሎሜትር ነው፣ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ከዛ ላይ ሆናችሁ ማዶ ገደሉ ላይ ያለውን ቅዱስ ኬቨን ይተኛበት ነበር የሚባለውን ዋሻ ታያላችሁ። በአውቶቡስ ለመጣ ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው፣ ፍርስራሹንም ስፒንክንም በደንብ እጨርሳለሁ ያለ የመመለሻውን አውቶቡስ ሲሮጥ ነው ሚይዘው።

በበጋ ዊኬንድ ከረፋዱ በኋላ ፓርኪንጉ ይሞላል፣ መንገዱም ይዘጋጋል፣ ስለዚ በመኪና ከሆነ በጠዋት፣ ወይም ከምሳ በኋላ ሰው ሲመለስ። በሰኔና ሐምሌ እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ብርሃን ስላለ አምሽቶ መሄድ እንደውም ይሻላል።

ኒውግሬንጅ ወይስ ታራ

ሁለቱም ሚዝ የሚባል አውራጃ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ከደብሊን ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ናቸው፣ ሰው ሁሌ አንዱን ነው ሚመርጠው። ኒውግሬንጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 ገደማ የተሰራ የመቃብር ጉብታ ነው፣ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። 19 ሜትር በሚሆን ጠባብ መተላለፊያ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ጣሪያው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ ያለ ሲሚንቶ የተዘጋ ነው፣ ከ5000 ዓመት በኋላም ዝናብ አያስገባም። አየርላንድ ውስጥ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ቀላል ነገር አደለም፣ ተከራይቶ የኖረ ያውቀዋል። ከበሩ በላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በክረምቱ አጭር ቀን፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 አካባቢ፣ ጸሐይ ስትወጣ ብርሃኑ በዛች ገብቶ እስከ ውስጠኛው ክፍል ይደርሳል፣ 17 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ይሄንን በዘመናችን መጀመሪያ ያየው አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ኦኬሊ ነው፣ በ1967። አሁን ያን ቀን ውስጥ ለመገኘት ሎተሪ ነው ሚወጣው፣ በብዙ ሺህ ሰው ነው ሚያመለክተው፣ በዛ ላይ ዕጣው ወጥቶላችሁም ደመና ከሆነ ምንም አታዩም። በሌላው ቀን ግን ውስጥ ስትገቡ መብራቱን አጥፍተው በሰው ሰራሽ ብርሃን ያሳዩአችኋል፣ አይናቅም፣ እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር ግን ጸጉር ያቆማል።

የኒውግሬንጅ ችግሩ ነጻነት የለውም። ቲኬት በኦንላይን ቀድሞ መያዝ አለበት፣ በበጋ በደንብ ቀድሞ፣ ዝም ብሎ የሄደ ውጪውን እንኳን በቅርብ ሳያይ ነው ሚመለሰው ምክንያቱም ወደ ጉብታው ሚወስደው የጎብኚ ማዕከሉ አውቶቡስ ብቻ ነው። ሰዓታችሁ ተቆጥሮ ነው፣ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፣ ጠባብ ቦታ ለሚያስጨንቀው ሰውም ጥሩ አደለም። የእግር መንገድ ፈልጎ የመጣ ይከፋዋል። ከፊት ለፊት ሚታየው ነጭ የድንጋይ ግድግዳ ደሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከቁፋሮው በኋላ እንደገና የተሰራ ነው፣ ድሮ እንደዛ ቆሞ ነበር ወይ ሚለው ላይ ባለሙያዎቹ እስካሁን አልተስማሙም። ያለ መኪና ከሆነ በባቡር ድሮኸዳ ከተማ፣ ከዛ ታክሲ።

ታራ የዚ ተቃራኒ ነው። በር የለው፣ ቲኬት የለው፣ ክፍት ኮረብታ ነው፣ በጎች አሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ነጻ ነው። የአየርላንድ ንጉሠ ነገሥታት መቀመጫ ነበር የሚባለው እዚ ነው፣ በ1843 የአየርላንዱ ፖለቲከኛ ዳንኤል ኦኮነል በብዙ መቶ ሺህ ሚቆጠር ሕዝብ ሰብስቦ ከእንግሊዝ ፓርላማ እንለይ ያለውም እዚ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ሳያነብ የሄደ ሰው ሚያየው ሳር ነው። ሳር፣ ክብ ክብ ጉድጓድና ጉብታ፣ አንድ የቆመ ድንጋይ። ድንጋዩ እውነተኛው ንጉሥ ሲነካው ይጮህ ነበር ይባላል፣ ሰው ሁሉ ይነካዋል፣ እስካሁን ዝም ነው።

ለኛ ግን ታራ ላይ ማንም ማይነግራችሁ ታሪክ አለ። ከ1899 እስከ 1902 የእንግሊዝ ሕዝብ የጠፋው የእስራኤል ነገድ ነው ብለው ሚያምኑ ሰዎች መጥተው ኮረብታውን ቆፈሩት፣ ምን ፍለጋ? ታቦተ ጽዮንን! አዎ፣ የቃል ኪዳኑ ታቦት ታራ ስር ተቀብሯል ብለው። የጥንቱን ቦታ አበላሹት፣ ገጣሚው ዬትስና ሌሎች ታዋቂ ሰዎች በጋዜጣ ተቃወሙ፣ በመጨረሻም ቁፋሮው ቆመ። ታቦቱን አላገኙም፣ አክሱም ያለ ሰው ቢጠይቁ ኖሮ ድካሙ ሁሉ ይቀርላቸው ነበር። እዛ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ይሄን ለጓደኞቻችሁ መንገር ራሱ የጉዞውን ያህል ደስ ይላል።

ምርጫው እንግዲህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አየርላንድን ሚያይ ሰው ካለ ኒውግሬንጅ፣ ቀድማችሁ ከያዛችሁ። ድንገት ተነስታችሁ የወጣችሁ እሁድ ከሆነ፣ ልጆች ሚሮጡበት ሜዳ ካስፈለገ፣ ብር ማውጣት ካልፈለጋችሁ ታራ። መኪና ያለው ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ያያል፣ ጠዋት ኒውግሬንጅ ከሰዓት ታራ። አውቶቡስ ሚጠቀም ሰው ወደ ናቫን ሚሄደውን ይዞ ታራ ክሮስ ላይ ይወርድና ቀሪውን በእግር ይወጣል፣ ረጅም አደለም ግን ዳር ዳሩን በጥንቃቄ።

መኪናው ካለ ደሞ ከድሮኸዳ ትንሽ ወደ ሰሜን ሞናስተርቦይስ አለላችሁ፣ ነጻ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ የእግር መንገድ ምናምን የለውም። በአብዛኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተቀረጸበት ከ5 ሜትር በላይ ሚሆን የድንጋይ መስቀል ነው ያለው፣ ማንበብ ለማይችል ምእመን ሥዕል ሆኖ እንዲያስተምር፣ የኛ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ሚሰራውን ስራ ማለት ነው። ጫፉ አካባቢ ሁለት መነኮሳት ተቀምጠው ታያላችሁ፣ የግብጽ በረሃ አባቶች ናቸው፣ አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ። ቁራ እንጀራ ሚያመጣለት አባ ጳውሊን ስንክሳር የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የነዚህ አባቶች ዝና ከግብጽ ተነስቶ ወደ ደቡብ እኛ ጋ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደሞ እዚ ዝናባም ደሴት ድረስ ደርሶ ነበር፣ በኪልዴር ሙን የሚባል ቦታ ያለው መስቀል ላይም አሉ። እኔ በበኩሌ ከሀገሩ ቤተመንግስት ሁሉ ይቺን ድንጋይ ነው ምመርጠው።

ግማሽ ቀን ብቻ ላለው

ሃውዝ ነው፣ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በዳርት ባቡር ከመሀል ከተማ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ የትራንስፖርት ካርዱ፣ ሊፕ ካርድ፣ ይሰራል፣ ወርዳችሁ ወዲያው መሄድ ነው። አረንጓዴው ምልክት 6 ኪሎሜትር ነው፣ ሁለት ሰዓት፣ ገደሉን ተከትሎ ባሕሩን በግራ አድርጎ ይሄዳል፣ በነሐሴ አካባቢ ቁጥቋጦው ቢጫና ወይንጠጅ ያብባል። ታሪኩ ጥቂት ነው፣ ወደቡ ላይ በጁላይ 1914 የአየርላንድ በጎ ፈቃደኞች የሚባሉት ታጣቂዎች አስጋርድ በምትባል ጀልባ 900 ጠመንጃ ያስገቡበት ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሳው አመፅ ያ ጠመንጃ ተተኩሷል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በጋሪ ልጅ ይዞ አይሄድም፣ አንዳንድ ቦታ አጥርም የለውም።

ብዙዎች ከብሬይ ግሬይስቶንስ ያለውን የገደል መንገድ ከሃውዝ ጋር ያወዳድራሉ፣ ድሮ እውነትም ይወዳደር ነበር፣ ከአንዱ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ሌላው ባቡር ጣቢያ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ከ2021 ጀምሮ በግሬይስቶንስ በኩል መሬቱ ተንሸራቶ ተዘግቷል፣ ድሮ የተለጠፈ ቪዲዮ አይታችሁ እንዳትሄዱ፣ አሁን ያለበትን ሁኔታ አጣሩ።

ስለ ሞኸር

እሺ፣ ቃል በገባሁት መሰረት። ገደሉ እስከ 214 ሜትር ይደርሳል፣ 8 ኪሎሜትር ያህል ይዘረጋል፣ ቆንጆ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ከደብሊን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ስትሄዱ አውቶቡስ ላይ ምትቀመጡት ገደሉ ላይ ከምትቆሙት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ጠዋት ጨለማ ላይ ወጥታችሁ ማታ ደክማችሁ ነው ምትገቡት፣ እዛ ያላችሁ ሰዓት ሁለት ገደማ ነው፣ በዛች ሁለት ሰዓት ደሞ ጭጋግ ከመጣ በቃ ነጭ ግድግዳ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሞኸር ሚገባው አንድ ሌሊት ነው። ዱሊን መንደር አድራችሁ፣ በማግስቱ በረን የሚባለውን የድንጋይ ሜዳና ፑልናብሮን ያለውን ጥንታዊ የድንጋይ መቃብር ጨምራችሁ ካያችሁት ሌላ ነገር ነው። ከዱሊን በገደሉ ጠርዝ ሚሄደው የእግር መንገድ ሰው ወድቆ ከሞተ በኋላ ከ2024 ጀምሮ በከፊል ሲዘጋ ቆይቷል፣ ክፍት የሆነውን አጣርታችሁ ብቻ፣ አጥር ዘሎ ለፎቶ ጠርዝ ላይ መቆም ሚባለውን ነገር ደሞ ተዉት።

ሌሊቱን ማደር ከተቻለ ግን የኔ ምርጫ ሞኸርም አደለም፣ ኪላርኒ ነው፣ ምክንያቱም በባቡር ይደረሳል፣ ከጣቢያው ወርዳችሁ በእግር ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ትገባላችሁ። ሐይቅ፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ፣ በ1448 የተመሠረተው የመክሮስ ገዳም ፍርስራሽ፣ ገዳሙ መሀል ግቢው ላይ ግዙፍ ዛፍ በቅሎ ሰማዩን ሸፍኖታል። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለሽማግሌም ለልጅም ይሆናል፣ ሳይክል መከራየትም ይቻላል።

ክሎንማክኖይዝ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ ትልቅ ገዳም ነበር፣ ሻነን ወንዝ ዳር፣ በጣም ያምራል፣ ግን መኪና ከሌለ አይታሰብም፣ ከጎኑ ረጅም የእግር መንገድ ስለሌለው ወደ ጎልዌይ ስትሄዱ እግረ መንገዳችሁን ግቡ። ስኬሊግ ማይክል ደሞ፣ ባሕር መሀል አለት ላይ ያለው የመነኮሳት ቦታ፣ ህልም ነው ግን ጀልባ ሚሄደው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው፣ ወራት ቀድሞ ይያዛል፣ ማዕበል ካለ ይሰረዛል፣ 618 ደረጃ ያለ ምንም መደገፊያ ነው። ከፍታ ሚፈራ ሰው አይሞክረው። ሱባኤ ወይም ጉዞ ሚወድ ሰው ካለ በሜዮ አውራጃ ክሮ ፓትሪክ የሚባል 764 ሜትር ተራራ አለ፣ በጁላይ የመጨረሻ እሁድ ብዙ ሺህ ሰው ይወጣዋል፣ ባዶ እግሩን ሚወጣም አለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቤተክርስቲያን አለች።

ከመውጣታችሁ በፊት

ጃንጥላ አትያዙ፣ ንፋሱ ይገለብጠዋል፣ ውሃ ማያስገባ ጃኬት ነው። ነጭ ስኒከር ይዛችሁ ስፒንክ ላይ እንዳትወጡ። በዲሴምበር ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል፣ ስለዚ በክረምት ረጅም መንገድ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ። ጾም ከሆነ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ የገጠር ካፌ ውስጥ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ሚበላ ነገር ብዙ አይገኝም፣ ከሾርባ ጋር ሚመጣው ዳቦ ራሱ ቅቤ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁ። ረጅም ሳርና ፈርን ውስጥ ከሄዳችሁ ቤት ስትገቡ የልጆቹን እግር እዩ፣ መዥገር አለ፣ በሽታም ያስተላልፋል።

አየርላንድ ውስጥ በፈለጉበት መሬት ላይ የመሄድ መብት የለም፣ እርሻው የግል ነው፣ ምልክት የተደረገበትን መንገድ ተከተሉ፣ የከፈታችሁትን በር ዝጉ። የመንግስት ታሪካዊ ቦታዎችን ብዙ ምታዩ ከሆነ ሄሪቴጅ ካርድ የሚባለውን ዓመታዊ ካርድ ማውጣት ያዋጣል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ከሆነ ግን አያስፈልግም፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው ግማሾቹ ነጻ ናቸው።

ከለንደን ወይም ከማንችስተር ለመምጣት ያሰባችሁ ደሞ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አየርላንድ አያስገባም፣ የራሷ ቪዛ ያስፈልጋል፣ በረራ ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።